የእኛ ቤት አገጭ

ጥቅምት 3

ዛሬም ሁለት ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠርቼ አወጣሁ። አንዱ የጡረተኛው ዳኛ ነው። «የፊት ፍንጭቴ ካልተመለሰ አልቀበልም» ብለው ነበር... መለስኩላቸው። መስታወት አይተው ፈገግ አሉ አሉኝ። እኔ የት አይቼ? የክሊኒኩ ጓዳ ውስጥ የሚሠራ ሰው ጥርሱን እንጂ ፈገግታውን አያይም።

ከሰዓት አዲሷ ዶክተር መጣች። የልጆችን ጥርስና መንጋጋ የምታስተካክለው። እስከዛሬ አንድም ሐኪም እዚህ ገብቶ ቁጭ ብሎ አያውቅም። በር ላይ ቆመው የታካሚውን ጥርስ የጄሶ ሞዴል አቀብለው ነው የሚሄዱት። እሷ የጄሶ አቧራ የለበሰውን በርጩማ በእጇ ጠረግ አድርጋ ተቀመጠች።

«ሽቦ ማጠፍ ላይ እንዴት ነዎት?» አለችኝ።

«ጥርሴን የነቀልኩበት ሥራ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ።»

ሳቀች። «የኔው እንኳ ነቀላ የለበትም። የሚያድግ መንጋጋን መንገድ የሚያሳይ ዕቃ ነው። እስከዛሬ ከሩቅ እያዘዝን ነበር። እዚሁ ቢሠራስ?»

እዚሁ ማለት... እኔ ማለት ነው።

«ይሠራል» አልኩ። ምን እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ። አፌ ከእጄ ቀደመ።

ጥቅምት 5

ዶክተሯ ሥዕሎች ይዛ መጣች። ነገሩ ሲገባኝ ቀላል ነው። የልጁ የታችኛው መንጋጋ ወደኋላ ቀርቶ ከሆነ፣ አፉ ውስጥ የሚገባው ዕቃ መንጋጋውን ወደፊት አውጥቶ ያቆየዋል። ጡንቻውም አጥንቱም እዚያው እየለመደ ያድጋል። ዕድገት ካለ ነው ታዲያ። ዕድገት ካቆመ በኋላ ዕቃው ጌጥ ነው።

«እስከ ስንት ዓመት?»

«እንደ ልጁ ነው። ለሴት ልጅ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት አካባቢ ደህና ነው።»

እኔ አርባ ስድስት። በሠላሳ አምስት ዓመት ብቻ ነው ያመለጠኝ... ብቻዬን ሳቅሁ። እጄ ግን አገጬ ላይ ሄዶ አገኘሁት።

የእኛ ቤት አገጭ! ከከንፈር ቀጥሎ አንገት። አያታችን፣ አባታችን፣ ወንድሜ፣ እኔ። አሁን ደግሞ የወንድሜ ልጅ ሚጢ። የላይ ጥርሷ ወደፊት ወጥቶ ከንፈሯ አይገጥምም። ትምህርት ቤት «ጥንቸል» ይሏታል። እኔን «ዳክዬ» ነበር የሚሉኝ። ከዳክዬ ጥንቸል ይሻላል መሰለኝ።

ጥቅምት 12

በጄሶ ሞዴል ላይ እየተለማመድኩ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው። ዛሬ አክቲቬተር የሚሉትን ጨረስኩ። የላዩና የታቹ አንድ ላይ የተጋገረ ወፍራም ፕላስቲክ። አፍ ውስጥ ከገባ ወሬ የለም። ለወሬኛ ሰው ባዘዙለት!

ባዮኔተር ደግሞ የሱ ቀጭን ዘመድ ነው። ፕላስቲኩ ተቀንሶ ሽቦ ገብቶበታል። እሱን ወደድኩት። ላንቃ ላይ የሚታጠፈው ሽቦ በሁለተኛው ሙከራ መጣልኝ።

ዶክተሯ በጥፍሯ ጫፉን እየዳበሰች «የት ተማሩት?» አለች። የት እማራለሁ? እዚሁ ነዋ።

ጥቅምት 19

ፍራንክል የተባለው አሳሬን አሳየኝ። ጥርስ ላይ አያርፍም። ጉንጭና ከንፈርን ገፋ አድርጎ የሚይዝ ጋሻ አለው፣ ጋሻዎቹን የሚያያይዘው ሽቦ ብቻ ነው። አራቴ ተሰበረብኝ። በአምስተኛው ጸጥ ብሎ ገባ። ከወንበሬ ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ... ለምን እንደከፈትኩት አላውቅም። ለአንድ ሰው መንገር አምሮኝ ይሆናል።

ጥቅምት 24

ሚጢ ወደቀች።

ኳስ ሲጫወቱ ነው። ሌላ ልጅ ቢሆን ከንፈሩ ይሰነጠቅና ያልፋል። የሷ ጥርስ ከከንፈሯ ቀድሞ መሬት ደረሰ። አንዱ የፊት ጥርስ በሰያፍ ተሸረፈ። ወንድሜ ሚጢን አስከትሎ፣ የተሸረፈችውን በወረቀት ጠቅልሎ ይዟት ወደኛ መጣ። የጣውላ ስንጥር እንደሚይዝ በሁለት ጣቱ ይዞ።

ዶክተሯ ጥርሱን ጠገነች። ከዚያ ለካች። የላይኛው የፊት ጥርስ ከታችኛው አሥር ሚሊሜትር ወጥቷል። «ሦስት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «እንዲህ እንደወጣ ከቀረ ይሄ የመጨረሻ አደጋዋ አይሆንም። ጥገናውን መድገም እችላለሁ። ሥሩ ከተመታ ግን...»

ወንድሜ አመስግኖ ልጁን ይዞ ወጣ። ሌላውን እንዳልሰማ ሆነ።

ጥቅምት 26

ወንድሜ ሥራ ቦታ ሄድኩ። አናጢ ነው። እየላገ ጠበቀኝ፤ ቀና አላለም።

«ጋሼ፣ ስለሚጢ ነው።»

«አውቃለሁ ስለምን እንደሆነ። እግዜር የሰጣትን ፊት ልትለውጡ ነው።»

«ጥርሷን ላድንላት ነው።»

«አባታችን በዚህ አገጭ ስድስት ልጅ አሳደገ። ምን ጎደለው? በፊታችን ታፍሪያለሽ እንዴ?»

ከዚህ በኋላ ያልኩትን ማለት አልነበረብኝም። ወይስ ነበረብኝ?

«በል መጀመሪያ ጢምህን ተላጭና እንነጋገር።»

መላጊያው ቆመ። ሃያ ዓመት ነው ያንን ጢም ያሳደገው። ምን እንደሚደብቅለት ሁለታችንም እናውቃለን። ፍቅፋቂውን ከባንኮው ላይ በእጁ ጠረገ። ቀስ ብሎ።

«ልጅቷን ጠይቂ» አለ በመጨረሻ። «እኔ እንጃ።»

ጥቅምት 28

ዛሬ አባትና ልጅ መጡ። መጀመሪያ የሚጢን እጅ ራጅ አነሷት። ወንድሜ ጆሮዬ ላይ፦ «አገጭ ነው ብላችሁ እጅ ታነሳላችሁ። ነገ እግሯን ልትለኩ ነው?» ዶክተሯ ሰማችው። ራጁን መስኮቱ ላይ አድርጋ የጣት አጥንቶቹን አሳየችው። መጋጠሚያቸው ገና ክፍት ነው። ዕድገቷ እንዳለ የሚናገረው እሱ ነው። ጥሩው ጊዜ አንድ ዓመት፣ ቢበዛ አንድ ዓመት ተኩል። «ከዚያ በኋላ ብትመጡ የምላችሁ ሌላ ነው» አለች።

ከዚያ ወደኔ ክፍል አስገባኋቸው። አምስቱንም የሠራኋቸውን ዕቃዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ሁለቴ ቦታቸውን ቀያየርኩ... ለዶክተሯ ሳሳይ እንዲህ አልሆንኩም።

ሚጢ አክቲቬተሩን አንስታ «ሳሙና ነው?» አለች።

ወንድሜ ኸርብስት የሚባለውን አየ። ጥርስ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ነው፣ በሁለት ወገን ገባ ወጣ የሚል ዘንግ አለው። «ይሄ በር ቀስ አድርጎ የሚዘጋው ክንድ ነው» አለ። እውነቱን ነው።

መጨረሻ ትዊን ብሎኩን አነሳሁ። ሁለት ቁራጭ ነው። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። ሁለቱም ላይ ተዳፋት አለ። ሞዴሉን ከፍቼ ስዘጋው የታቹ በተዳፋቱ ተንሸራትቶ ወደፊት መጣ። ወንድሜ ከእጄ ወሰደው። ከፈተ፣ ዘጋ። ከፈተ፣ ዘጋ።

«ይሄማ ሽብልቅ ነው።»

«ሽብልቅ ነው።»

«ስንት ዲግሪ ነው?»

«ሰባ።»

«ለምን ዘጠና አላደረግሽውም?»

«ዘጠና ከሆነማ ግድግዳ ነው። ይጋጫል እንጂ አይንሸራተትም።»

ራሱን ነቀነቀ። ወንድሜ እንዲህ ራሱን ሲነቀንቅ የማውቀው ሌላ አናጢ የሠራውን ጥሩ መጋጠሚያ ሲያይ ብቻ ነው። ለኔ ሥራ ሲነቀንቅ ግን በሕይወቴ የመጀመሪያ ነው።

ሚጢ፦ «በዚህኛው ማውራት ይቻላል?»

«መጀመሪያ ትኮላተፊያለሽ። ከዚያ ትለምጂዋለሽ። ስትበዪም ጭምር አታወልቂውም።»

«ስንት ጊዜ?»

«አንድ ዓመት ገደማ።»

አባቷን አየች። እሱ ሽብልቁን እያየ ነበር። «ይሁን» አለች ራሷ።

ኅዳር 4

ልኩ ተወሰደ። ሚጢ የታች መንጋጋዋን ወደፊት አውጥታ ለስላሳውን ሰም ነከሰች። ሰባት ሚሊሜትር ወደፊት። ያንን ሰም በሁለቱ ሞዴሎች መሀል አድርጌ አቆማቸዋለሁ። መንጋጋው የት መድረስ እንዳለበት የሚነግረኝ እሱ ነው።

የዚህ ዓይነት ዕቃ እስከዛሬ የሠራሁት ለጄሶ ነበር። ይሄ ለሰው ነው። ለደሜ።

ኅዳር 5

ሞዴሎቹን አቆምኩ። የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ላይ ትንሽ የጄሶ ጠብታ አለች፣ ምስር የምታክል እንኳ አትሆን። ምን ታመጣለች። ሽቦውን ከረፋዱ ጀምሬ እስከ አምስት ሰዓት ጨረስኩ። እጄ ዛሬ በራሱ ነው የሚሄደው።

ኅዳር 9

ገባላት!

ዶክተሯ አንድ ቦታ ትንሽ ሞርዳ አስተካከለች። «ሌላውን ስትለምጂው እናየዋለን፣ በሦስት ሳምንት ተመለሺ» አለቻት። ሚጢ መስታወት አየች። ከንፈሯ ሊገጥም ትንሽ ነው የቀረው፣ አገጯ ወጣ ብሏል። ገና ዕቃው ነው እንጂ አጥንቱ አይደለም... ግን ታየ። ምን እንደሚመስል ታየ።

«አክሽቴ» አለችኝ። ተኮላተፈች። «አክሽቴ፣ ምራቄ በዛ።»

ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ሕንፃ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ያልሠራ ክፍል፣ ዛሬ ሠራ። ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ። አውቶቡሱ ቢመጣም አልተሳፈርኩም።

ኅዳር 17

የወንድሜ ሚስት ደወለች። ሚጢ ዕቃውን እያወለቀች ኪሷ ትከታለች አለች። በአንድ በኩል ያማታል መሰለኝ አለች። መልመድ ነው አልኳት። የመጀመሪያ ሳምንት ሁሉም ያማል።

ኅዳር 21

ሚጢን ተቆጣኋት።

ትምህርት ቤቷ በር ላይ ጠብቄ አገኘኋት። ዕቃው አፏ ውስጥ የለም። «የት አለ?» አልኳት። ከኪሷ አወጣችው፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ።

«አክስቴ፣ አንዱ ቀድሞ ይነካል።»

«የቱ?»

«የቀኙ። እሱ ቀድሞ ይነካና አገጬ ወደ ግራ ይሄዳል።»

«አንቺ አጥብቀሽ ስለማትነክሺ ነው። እኔ ለዚህ ነው እንዲህ የደከምኩት?» አልኳት። ሌላም ብዙ አልኩ። ሰነፍ አልኳት። ልጅቷ እዚያው መንገድ ላይ ጓደኞቿ እያዩ ዕቃውን አጥልቃ፣ ከንፈሯን ገጥማ ሄደች።

ልክ ነበርኩ?... ዕቃው ልክ ነው። እጄን አውቀዋለሁ።

ኅዳር 27

እሑድ። ወንድሜ ቤት ምሳ።

ሚጢ በረንዳው ላይ ፊቷን ወደ ብርሃን አዙራ ተቀምጣለች። ወንድሜ ከፊት ለፊቷ ቆሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያታል። በር ቀጥ ማለቱን ሲያይ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

«እህቴ፣ ነይ እስኪ። እንደ በር እይው። ከአፍንጫዋ ወደታች ክር ጣይ።»

አየሁ። «ምን አለው?»

«ወደ ግራ ዘምሟል።»

«ፊት ቀጥ ያለ አይደለም፣ ጋሼ። የማንም አይደለም።»

«የዚች ልጅ ፊት ባለፈው ወር ቀጥ ያለ ነበር። እኔ ነኝ የማውቀው። ያንዱ ወገን ሽብልቅ በልጦ ነው።»

አናጢ ሥራዬን ሊያርመኝ! ምሳውን ሳልጨርስ ተነሳሁ። በመንገድ ላይ ለራሴ የማልለው አልነበረም። ስለ ጣውላ ያውቃል፣ ስለ አፍ ምን ያውቃል... ቤት ደርሼ በሩን ስከፍት ነው የሚጢ ቃል ትዝ ያለኝ። «የቀኙ ቀድሞ ይነካል።»

አባት ያለው እሷ ካለችው ጋር አንድ ነው። ሁለት ሰው፣ አንዱ በዓይኑ፣ አንዷ በጥርሷ።

ይህን ደብተር ወደኋላ ገለጥኩ። ኅዳር 5። «ምስር የምታክል እንኳ አትሆን። ምን ታመጣለች።»

በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ።

ኅዳር 28

ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። የሚጢን ሞዴል ከሣጥኑ አወጣሁ። ጠብታዋ እዚያው አለች። ቀኝ በኩል፣ የኋለኛው መንጋጋ ጥርስ ላይ። ሰሙ በእሷ ላይ ተንጠልጥሎ ነው እንጂ አልተቀመጠም ነበር። ስለዚህ ሞዴሉ ቀኙ ከፍ ብሎ ነው የቆመው። እኔም ከፍ ባለው ልክ ቀኙን ብሎክ አሳድጌ ሠራሁ። እሷ ስትዘጋ ቀኙ ይቀድማል፣ መንጋጋዋም ክፍተቱን ፍለጋ ወደ ግራ ይሸሻል።

ጠብታዋን በቢላ ጫፍ ነካሁ። ወደቀች። ይኸው ነው። ሁለት ሴኮንድ።

ይሄን ዕቃ የሠራ ተለማማጅ ቢሆን ምን እለው ነበር? አውቃለሁ ምን እንደምለው።

ቀጥሎ ያለውን ጽፌ ልሰርዘው ነበር... ልተወው። እንዲህ ነበር ያሰብኩት፦ ብሎኩን በጸጥታ ሞርጄ ባስተካክለውስ? ዶክተሯ አታውቅም። ወንድሜም ልክ እንደነበር አያውቅም። አሰብኩት። አንድ ሻይ እስኪቀዘቅዝ አሰብኩት።

ከዚያ ሞዴሉን፣ ጠብታዋንም በወረቀት ይዤ የዶክተሯን በር አንኳኳሁ።

«ዶክተር፣ ጥፋት አጥፍቻለሁ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ማየቴንም። ሳላይ ቀርቼ ቢሆን ይቀል ነበር፤ አይቼ ነው ያለፍኩት። ጠብታዋን መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት።

«ስንት ጊዜ ጠፋብን?»

«ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው።»

«ሦስት ሳምንት ይካካሳል። ሦስት ወር ቢሆን ኖሮ ሌላ ነበር።» ካርዱን ወደሷ ሳበች። «ስገጥምም እኔ የቀለም ወረቀት አስነክሼ ማየት ነበረብኝ። አንድ ቦታ ሞርጄ ለቀቅኩ። ሁለታችንም እንጻፈው።»

ካርዱ ላይ ጻፈችው። የሷንም የኔንም። ስትጽፍ ቆሜ አየሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዛሬ ቀጥ ብዬ የቆምኩ አይመስለኝም።

ኅዳር 29

ከባዱ ይሄኛው ነበር። ወንድሜ ቤት። ሚጢ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«ሚጢ፣ ዕቃው ልክ አልነበረም። የቀኙ ይቀድም ነበር። ያልሽው ሁሉ ልክ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ሰነፍ ያልኩሽም የኔ ጥፋት ነው።»

እርሳሷን አስቀመጠች።

«ታዲያ እኔ አልነበርኩማ» አለች።

«አልነበርሽም።»

«እኔ መንከስ የማልችል መስሎኝ ነበር። ሁሉም ሰው የሚችለውን።»

አቀፍኳት። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። እንግዲህ ሊያላግጥብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፣ መብቱ ነው። እሱ ግን «አንድ ጊዜ የመስኮት ፍሬም ሦስት ሳንቲ አሳጥሬ ቆርጬ፣ ግድግዳው ነው ያበጠው ብዬ ባለቤቱን አሳምኜዋለሁ» አለ። «እስከዛሬ በዚያ ሰፈር አላልፍም።»

ሦስታችንም ሳቅን። ሚጢ አፏን በእጇ ሳትሸፍን።

ታኅሣሥ 5

አዲስ ልክ፣ አዲስ ሞዴል። ሞዴሉን በማጉያ መነጽር ጥርስ በጥርስ አየሁት። ሰሙን ሦስቴ አስቀምጬ ሦስቴ አነሳሁ። ሁለተኛውን ዕቃ ሠራሁ።

ዶክተሯ ሰማያዊውን ወረቀት አስነከሰቻት። ቀኝም ግራም እኩል ቀለም። «አሁን እንዴት ነው?» አለቻት።

ሚጢ ዘጋች። ከፈተች። ዘጋች።

«አብረው ደረሱ» አለች።

ጥር 11

ስምንት ሚሊሜትር። ከአሥር ወደ ስምንት። ሚጢ ራሷ ነች የጻፈችው፣ የራሷን ደብተር ይዛ ነው የምትመጣው። የላይ መንጋጋዋን ለማስፋት ዕቃው መሀል ላይ ያለችውን ብሎን በሳምንት አንዴ በቁልፍ የሚያዞረው አባቷ ነው። «ሩብ ዙር» ይላል፣ እንደ ትልቅ ምሥጢር።

የካቲት 2

ሌላ ሥራ በዝቷል። ዶክተሯ አራት ልጆች ጨመረች። ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። የታች ከንፈሩን ለሚመጥጥ ልጅ ፍራንክል ሠራሁ። ዕቃውን ሦስቴ ለጣለችው ልጅ፣ ልትጥለው የማትችለውን ኸርብስት። ዶክተሯ አሁን «የቱ ይሻላል?» ብላ ትጠይቀኛለች። መጠየቋ ሳይሆን መልሴን መጠበቋ...

ሰው ሠራሽ ጥርስም እየሠራሁ ነው። ዳኛው ሰላም ብለውኛል።

የካቲት 20

ሚጢ ክፍል ውስጥ ድምፅ አውጥታ አነበበች። ዕቃው አፏ ውስጥ እያለ፣ ሁለት ገጽ። አንዱ ልጅ ሲስቅ ቆም ብላ ዕቃውን አውልቃ እንዴት እንደሚሠራ ለክፍሉ በሙሉ አስረዳች አሉ። ተዳፋቱን፣ ሰባ ዲግሪውን። ያ የሳቀው ልጅ «እኔስ ያስፈልገኛል?» ብሎ ጠየቃት።

«ማን ነው የሠራው አሉኝ» አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

«አክስቴ። ሁለቴ ነው የሠራችው አልኳቸው።»

ሁለቴ ማለቷን ወደድኩት። ከሁሉ አብልጬ።

ሚያዝያ 14

አምስት ተኩል።

ሰኔ 6

የወንድሜ ሚስት ደወለች። ደንግጬ ነበር። «ልጅቷ ተኝታ አፏን ገጥማ አገኘኋት» አለችኝ። «ማንኮራፋቷም ቀርቷል። መሞቷ መስሎኝ ትንፋሿን አዳመጥኩ።» ተሳሳቅን። ከዚያ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። እያለቀሰች ነበር መሰለኝ። እኔም አልጠየቅኋት።

ነሐሴ 18

ሦስት ሚሊሜትር።

ዶክተሯ ሁለቴ ለካች። ራጅም ተነሳ። ጥርሱም ተጠግቷል፣ መንጋጋውም ወደፊት መጥቷል። ስንቱ የጥርስ ስንቱ የአጥንት እንደሆነ በመስመር አሳየችኝ። «ሁሉንም ዕቃው አደረገው አልልም፣ ከፊሉ ዕድገቷ ነው» አለች። ሳታጋንን መናገሯን ነው የምወድላት። መንጋጋው እንዳይመለስ የሚይዝ ቀለል ያለ የላይ ዕቃ አዘዘች፣ ታችኛው ብሎክ ቀረ።

ወንድሜ ከወንበሩ ተነስቶ ዶክተሯን ጨበጠ። ከዚያ ወደ ጓዳ መጣ። ጠረጴዛዬን፣ ፒንሳዎቼን፣ ሞረዶቼን እያየ ቆየ።

«ይሄ ፒንሳ ጥሩ ነው» አለ በመጨረሻ።

ከወንድሜ አፍ ይሄ ብዙ ነው።

መስከረም 23

ወንድሜ የሞዴል መደርደሪያ ሠርቶልኝ ይዞ መጣ። አሥራ ዘጠኝ ልጆች ሆነዋል፣ ሣጥኑ አልበቃ ብሎ ነበር። ግድግዳው ላይ ሲመታ ሚጢ ከትምህርት ቤት ደረሰች። አፕል እየገመጠች። ዶክተሯ ስትጠራት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣው ሄደች።

ልጥለው አነሳሁት። ከዚያ አየሁት።

የላይ ጥርሶች ጭረት አራት። የታች ጥርሶች ጭረት አራት። ሁለቱ መሀል ላይ ተገናኝተዋል። ድሮ በጎን ጥርሷ ነበር የምትቦጭቀው። ፊት ለፊት ስትነክስ የታቹ ላንቃዋን ነበር የሚያገኘው እንጂ የላዩን አያገኘውም።

«ምን ታያለሽ የተበላ ፍሬ?» አለ ወንድሜ።

አሳየሁት። ብርሃን ላይ አዞረው። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ከጎኑ ገመጠ። ሁለቱን አነጻጸርን። የሱ ላይ የላይ ጥርስ ብቻ ልጣጩን ቦጭቆታል፣ የታቹ የት እንደደረሰ አይታወቅም። ሰጠኝ። እኔም በሌላ ጎኑ ገመጥኩ። የኔም ያው ነው። የእኛ ቤት ንክሻ።

«ከአባታችን ጀምሮ አፕል ስንቦጭቅ ኖረናል ማለት ነው» አለ።

«ነው።»

«እሷ ነክሳ በላች።»

ሚጢ ተመልሳ መጣች። «አፕሌን ማን በላው?»

ሁለታችንም እርስ በርስ ተያየን፣ ጥፋተኛ ልጆች መሰልን። ሌላ እንገዛልሻለን አልናት። ሳቀች፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ።

ጄሶ በጠበጥኩ። የኔንና የወንድሜን ጎን ቆርጬ ጣልኩና የሷን ንክሻ ለመደርደሪያው በጄሶ ሞላሁት። እስኪደርቅ ሦስታችንም ጠረጴዛውን ከበን ቆምን።